ጉሬዛው እዚያው ጠበቀኝ

«አቁም! እባክህ አቁምልኝ!» አልኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘ። መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ከበደሌ ተነስተን ወደ መቱ ስንጓዝ፣ ወደ ገባ ወንዝ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ደርሰናል። ከመንገዱ በታች ቅርንጫፎቹ ወደ ወንዙ ያዘነበሉ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ላይ ሁለት ረጃጅም ጅራቶች ተንጠልጥለዋል፤ ጫፋቸው እንደ ተበጠረ ጭራ ነጭ በነጭ ነው። ቀና ስል በነጭ ጸጉር የተከበበ ጥቁር ፊት ቁልቁል ያየኛል። ጉሬዛ!

በ1982 ዓ.ም. ከያዮ ስንወጣ በአውቶቡሱ መስኮት እጄን አውጥቼ «ደህና ሁኑ» ያልኳቸው እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጆች ወልጄ፣ ጸጉሬ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካለ በኋላ ስመለስ ያው ወንዝ፣ ያው ጥላ፣ ያው ነጭ ጅራት! እጄን እንደ ያኔው አወዛወዝኩ። ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ።

የልጅነት አገሩን ሊያይ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው እሮሮ ነው። ዛፉ ተቆርጧል፣ ምንጩ ደርቋል፣ ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል ይለናል። እኔም ከአዲስ አበባ ስነሳ ልቤን ለሐዘን አሰናድቼ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን የደስታ ትዝታ ነው። ደኑ አለ! ገባ ዛሬም ይጮኻል! እንዴት ሊቆይ እንደቻለ ስለገባኝ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆኗል።

አባቴ መምህር ነበር። በ1976 ዓ.ም. ወደ ያዮ ሲዛወር እኔ ገና ሰባት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ያዮ ለመግባት ስንቅ ይቋጠራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሸኛል። የመጀመሪያው ቀን ጅማ ይታደራል። በማግስቱ አጋሮንና በደሌን አልፎ፣ ዝናብ ካልያዘ፣ ሲመሽ ያዮ ይገባል። ዝናብ ከያዘ ወንዶቹ ወርደው አውቶቡሱን ይገፋሉ፣ እናቶች ጭቃው ዳር ቆመው ማርያምን ይጠራሉ፣ እኛ ልጆች ደግሞ ደስታችን ወሰን የለውም። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ጠዋት ከጅማ የተነሳ ሰው ምሳውን ያዮ ይበላል።

ያዮ ያን ጊዜ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች ነበረች። የእኛ ጓሮ የሚያልቀው ደኑ በሚጀምርበት ነው። ጎመን ከተተከለበት መደብ አሥር እርምጃ አልፎ ሰማይ አይታይም። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ዶቅማው፣ ከሁሉም በላይ የሚዘልቀው ቀረሮ፣ ከሥራቸው ደግሞ ቡና፣ ቡና፣ ቡና! ሰው ያልተከለው፣ ራሱ የበቀለ ቡና። እናቴ ጠዋት ወጥታ «ዛሬም መነኩሴዎቹ መጥተዋል» ትላለች። መነኩሴ የምትላቸው ጉሬዛዎቹን ነው። ነጭ ካባ ለብሰው፣ ከዛፍ ሳይወርዱ፣ ቅጠል እየበሉ ስለሚውሉ እንዲያ ብላ ሰየመቻቸው። ጦጣና ዝንጀሮ በቆሎዋን ሲዘርፉባት ጉሬዛው አንድ ቀን እንኳ እጁን አላነሳም ብላ ትመሰክርለት ነበር።

ዝናቡ ሌላ ታሪክ ነው። በያዮ በዓመት በአማካይ 2100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ማቆሙን ይረሳዋል። ቤታችን በጨፌ የተከደነ ስለነበር ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ አይሰማም፤ በር ስንከፍት ብቻ ነው ዓለም ውሃ መሆኑን የምናውቀው።

ኅዳር ሲገባ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ የቡና ለቀማ ይደርሳል። «አዴ» እያልኩ የምጠራቸው፣ የእናቴ ጓደኛ የነበሩ አንዲት ጎረቤታችን እኔን ከልጆቻቸው ጋር ደባልቀው ወደ ደኑ ይወስዱኛል። ሰፈሩ ሁሉ ስሜን ትቶ «ኢንተለ በርሲሳ» ይለኝ ነበር፤ የመምህሩ ልጅ ማለት ነው። የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና አይደለም። በጥላ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ስለሚመዘዝ ቀጭንና ረጅም ነው። አዴ በቆልማማ እንጨት ጫፉን ይዘው ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ግንዱ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ እኛ ልጆች ተሻምተን ቀዩን እሸት ብቻ እንለቅማለን። አረንጓዴ የቆነጠረ ይቆነጠጣል። ማንም ሳያይ አንድ ሁለቱን አፌ ውስጥ ጨምቄ ጣፋጩን ውሃ እመጠዋለሁ፤ ሁለቱ ፍሬዎች ምላሴ ላይ ሲንሸራተቱ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ለቀማው ሲያበቃ አዴ እሳት ያነዳሉ። ጀንፈሉን ከነልብሱ በቅቤ ያቁላሉታል። ቡና ቀላ ይባላል። ፍሬው በቅቤው ውስጥ ጠሽ እያለ ሲፈነዳ ሽታው ዛፉ ላይ ይወጣል። የዚያን ሽታ አምሳያ አዲስ አበባ ውስጥ በየካፌው ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከደኑ ቀጥሎ የምወደው ጨፌው ነበር። ከኮረብታዎቹ መሃል፣ ውሃ በሚተኛበት ሸለቆ ሁሉ፣ ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ ጨፌ ይበቅላል። በአዲስ አበባ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የቅርብ ዘመዱ ነው። መሬቱ ከሥር ውሃ አዝሎ ከላይ በሥር የተጠላለፈ ስለሆነ እንደ ሽቦ አልጋ ይርገበገባል። ጨዋታችን ይህ ነበር፦ አንዱ ልጅ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላው ከሃያ እርምጃ ርቆ ይዘላል፤ የጨፈነው መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ «ዘለልክ!» ብሎ ይጮኻል። ስንት ከሰዓት እንዲያ ስንዘል አልቋል! ከጨፌው ዳር ምንጭ አለ፤ እናቶች ማለዳ እንስራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። በበጋ ሌላው ምንጭ ሲቀጥን እሱ አይቀጥንም። ወንዶቹ ደግሞ ጨፌውን በማጭድ አጭደው፣ አድርቀው፣ ለቤት ክዳን ይሸከሙታል። ሽማግሌዎች ነገር ለማየት የሚቀመጡትም በአረንጓዴው ጨፌ ላይ ነበር። የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» ተብሎ የሚጠራው ከዚያ ጥንታዊ የጉባኤ መስክ ስም ተነስቶ ነው። ይርጋ ጨፌም ብትሆን፣ ቡናዋ ዓለምን ከመዞሩ በፊት፣ ስሟ ላይ ጨፌን ተሸክማለች።

እሑድ እሑድ አባቴ ወደ ገባ ይወስደናል። የዋንዛ ቅጠል ቀጥፎ ይሰጠንና «ልቀቁት፣ ካይሮ ይደርሳል» ይለናል። ተረት ይመስለኝ ነበር። ቤት ስንገባ ካርታውን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ያሳየናል። ከመቱ ደቡብ ምሥራቅ በፏፏቴ የሚወረወረው ሶር ከገባ ጋር ይገናኛል። ገባ ከብርብር ጋር ሲገጥም ባሮ ይባላል። ባሮ ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ሲቀላቀል ሶባት ይሆናል። ሶባት ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ካይሮ። «የእናንተ ቅጠል ብቻ አይደለም የሄደው» ይላል አባቴ፤ «የኢሉባቦር ቡናም በበቅሎ ከጎሬ ጋምቤላ ይወርድና በእንፋሎት መርከብ በባሮ ላይ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።» እኔ ግን ከመርከቡ ይልቅ ቅጠሌ ያሳስበኝ ነበር። ካይሮ ውስጥ አንድ ልጅ እንደሚያነሳው እርግጠኛ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ያዮ ከተማ ስደርስ አንድ የአካባቢው ወጣት ሊያስጎበኘኝ ተቀበለኝ። ከያዮ በስተጀርባ ወዳለው ደን ስንገባ «አዴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል» ይለኛል። ቀስ ልል ነው! እግሬ መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ጓሯችን የነበረው ደን ዛሬ የዓለም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዮን የቡና ደን ከከፋ ጋር በአንድ ቀን የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ መዘገበው፤ ሁለቱ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሸካ፣ ጣና ሐይቅና የማጃንግ ደን የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። የያዮው ስፋት 167021 ሄክታር ሲሆን ያዮን፣ ሁሩሙን፣ ዶረኒን፣ ቢሎ ኖጳን፣ አልጌ ሳቺንና ጮራን ያካልላል። ገባ፣ ዶጊ፣ ሰኪና ሌሎችም ወንዞች ይቆራርጡታል።

ልጁ በእንጨት መሬት ላይ ሦስት ክብ ሠርቶ አስረዳኝ። ከመሃሉ 27733 ሄክታሩ እምብርቱ ነው፤ ወንዞቹን ተከትሎ የሚሄደው ጥቅጥቅ ደን። እዚያ አይቆረጥም፣ አይመነጠርም። በዙሪያው 21552 ሄክታር መከለያ አለ። በመከለያው ገበሬው የጫካ ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን ይሰበስባል፤ ዛፉን ግን አይነካም። የቀረው ሰፊው ክፍል ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ከተማ የሚሠራበት ነው። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የእናቴ ጓደኛ ያኔ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ አይደለም እንዴ? ደኑን ሳይጥሉ ከሥሩ መብላት! ሕጉ የመጣው የሕዝቡን ልማድ ተከትሎ ነው።

በዚያው ቀን ብዙ ነገር ተማርኩ። በልጅነታችን በወንጭፍ የምናባርራቸው ጦጣዎች ለካ የቡና ዘሪዎች ናቸው። ቀዩን እሸት ይበሉና ፍሬውን ወዲያ ማዶ ይጥሉታል፤ ወፎቹም እንዲሁ። ጫካው ራሱን የሚተክለው በእነሱ እጅና ምንቃር ነው። ልጁ ይህን ሲነግረኝ፣ ልክ የሰማ ይመስል፣ አንድ ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ክንፉን እንደ ወንፊት እያንሿሿ ከራሳችን በላይ አለፈ። ድኩላ አየን፤ ቆም ብሎ አየንና በአንድ ዝላይ ጠፋ። የነብር ዱካ ያሳየኝም በዚያው ነው፤ ጭቃው ላይ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

ከሁሉም የገረመኝ የቡናው ነገር ነው። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ደን ለደን ዞሩ። ዛሬ በስፋት ከሚተከሉት ምርጥ ዘሮች ሁለቱ፣ 74110 እና 74112፣ እናት ዛፋቸው የተገኘው እዚሁ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በሚባል ቦታ ነው። 74 የሚለው ቁጥር ዛፎቹ የተመረጡበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1974። ሲዳማ ወይም ጌዴኦ ውስጥ ቡና የተከለ ገበሬ ማሳው ላይ የኢሉባቦር ልጅ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው! ዶ/ር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌም ለዶክትሬት ጥናታቸው ይህንኑ የያዮ ደን መርጠው ዕፅዋቱንና የዱር ቡናውን አጥንተዋል። በሽታ ሲመጣ፣ ሙቀት ሲጨምር፣ የዓለም ቡና መድኃኒቱን የሚፈልገው እንዲህ ባሉ ደኖች ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ከእናቴ የጎመን መደብ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር!

ደኑን ያቆመው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያቆመው ቡናው ነው። ቡናው ጥላ ይፈልጋል፣ ጥላው ዛፍ ይፈልጋል፣ ገበሬው ቡናውን ይፈልጋል። ዛፉን የጣለ ቡናውን ጣለ። ስለዚህ ማንም ዘበኛ ሳይቆምበት ስንት ትውልድ ዛፉን ጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ጨፌያችንን ፈለግኩ። ልቤ ትንሽ የተያዘው እዚህ ነው። የዘለልንበት ሸለቆ ግማሹ በቦይ ተጠንፍፎ በቆሎ ተዘርቶበታል። አልፈርድም። በኢሉባቦር ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ጨፌው ላይ የተዘራ በቆሎ ግን ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስ ልጆችን ከረሃብ ያወጣል። ችግሩ ቦዩ ሲጠልቅና ውሃው ጨርሶ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ መሬቱ ይደርቃል፣ ጨፌው ተመልሶ አይመጣም፣ ምንጩም ይቀጥናል። ከ1989 እስከ 1992 ዓ.ም. መቱን ማዕከል አድርጎ የኢሉባቦርን ረግረጎች ያጠና ፕሮጀክት ነበር። ገበሬዎቹ ለዚህ የራሳቸው ብልሃት እንዳላቸው የታየው በዚያን ጊዜ ነው፤ ቦዩን መቼ መክፈትና መቼ መድፈን እንዳለባቸው፣ ከብት መቼ እንደሚከለከል፣ የምንጩ ራስ እንደማይነካ ያውቃሉ። ይህን የሚያስተባብረው ሽማግሌ «አባ ለጋ» ይባላል፤ የወንዙ አባት ማለት ነው። እንዴት ያለ ማዕረግ ነው!

ቀሪው ግማሽ ጨፌ ግን አለ! ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዘለልኩ። መሬቱ ተርገበገበ። አስጎብኚዬ ከሃያ እርምጃ ርቆ ቆሟል። «ተሰማህ?» አልኩት። «ተሰማኝ!» አለ፤ ሁለታችንም ሳቃችንን መግታት አቃተን።

ማታ ወደ እናቴ ጓደኛ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን ስናገር ዝም አሉ። «ኢንተለ በርሲሳ» ስላቸው ግን በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙ። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ኢንተለ ኮ! እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ!» ቤታቸው ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ወዲያው ዝናብ መጣና ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ጮኸ። ጆሮዬ ላይ ተጠግተው «የጨፌው ቤት ዝናቡን ዝም ያሰኘው ነበር፤ ይኼ ግን አላስወራ አለን» አሉኝ። እውነት ነው። ቆርቆሮው አያፈስም፣ በየዓመቱ አይታደስም፣ ማንም መልሶ ጨፌ ክደኑ ሊላቸው አይችልም። ቤቱ በቆርቆሮ ሲከደን ግን ጨፌው አንድ ጠባቂ አጣ። ወለላቸውን ሳይ ደግሞ ልቤ ተመለሰ። ከበር እስከ ጓዳ አዲስ የታጨደ ጨፌ ተጎዝጉዟል። ረከቦቱ በላዩ ተቀምጧል። ቡና ቀላው በቅቤ ውስጥ ጠሽ ጠሽ ይላል። የልጅነቴ ሽታ ይኸው! ሦስተኛውን ስኒ ሳልጨርስ አልተነሳሁም።

ስጋት የለም አልልም። ከያዮ ምድር ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካም ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ባሕር ዛፉ ወደ ጨፌው ዳር እየተጠጋ ነው። ነገር ግን ከገባ ሸለቆ የወጣሁት በትልቅ ተስፋ ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ነገር ይጠብቃል። ደኑ የቆመው ገበሬው ስለሚፈልገው ነው። ጨፌውም ይቆማል፣ የሚፈልገው ሰው ካላጣ።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ሁለት ነገር ልለምንዎ። በመጪው በዓል ቤትዎ የፕላስቲክ ሣር አያንጥፉ፤ እውነተኛውን፣ ውሃ የሚሸተውን ቄጠማ ከሻጯ ላይ ይግዙ፤ ከአንድ ረግረግ ዳር የሚኖር ሰው ረግረጉን እንዲጠብቅ ምክንያት ይሆንለታል። ሁለተኛው፣ ልጆችዎን ይዘው በኅዳር፣ ዝናቡ ሲያባራና ቡናው ሲቀላ፣ ያዮ ይሂዱ። ገባ ድልድይ ከመድረስዎ በፊት ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩን ያስቁሙት፣ ቀና ብለውም ይመልከቱ። ጉሬዛው ሾላው ላይ ነው።